የተበደለው ያልተጠራበት እርቅ

በአሶሳ ወረዳ የቀበሌዎችን ስም ዝርዝር ያነበበ ሰው ያለፉትን አርባ ዓመታት ታሪክ ግማሹን እዚያው ያገኘዋል። አምባ 14፣ መገሌ 33፣ ኮሞሽጋ 27 የሚባሉ መንደሮች አሉ፤ ነባር ኮሞሽጋ የሚባልም አለ። ቁጥር የያዙት ደርግ ከወሎና በድርቅ ከተጎዱ ሌሎች አካባቢዎች ሰው አምጥቶ ያሰፈረባቸው ናቸው። «ነባር» የተባሉት ከዚያ በፊትም የበርታ ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ናቸው። የሁለቱ ሰው የሚገበያየው አንድ ገበያ ላይ ነው፤ እህሉን የሚያስፈጨው አንድ ወፍጮ ቤት ነው፤ ብዙውም ጁምዓ የሚሰግደው በአንድ መስጊድ ነው። መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ግን ያ ቁጥርና ያ «ነባር» የሚለው ቅጽል እንደገና ይከብዳሉ።

እንዲህ ያሉ ጎረቤታሞች ሲጣሉ፣ አልፎም ሲገዳደሉ፣ በምን ይታረቃሉ? አሶሳ የሚገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የእርቅ ባህል የሞላበት ክልል ነው። በእርቅ ስም የሚጠራው ስብሰባም ጥቂት አይደለም። ያም ሆኖ ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም ባሉት ዓመታት በአገሪቱ እጅግ ከከፉት የጎረቤት ፍጅቶች ጥቂቱን ያየው ይኸው ክልል ነው። እኔ እንደማየው፣ በእነዚህ ዓመታት ሽማግሌው የእሱ ያልሆነ ሥራ ተጭኖበታል፤ የእሱ የሆነውን ሥራ ደግሞ የተበደለውን ሰው ሳይጠራ እንዲጨርስ ተገፍቷል። የሚከተለው ዳሰሳ ይህን ለማሳየት የተጻፈ ነው።

የክልሉ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 784,345 ነበር። ከመቶው 26 ያህሉ በርታ፣ 21 ያህሉ አማራ፣ 21 ያህሉ ጉሙዝ፣ 13 ያህሉ ኦሮሞ፣ ወደ 8 የሚጠጋው ሺናሻ ነው፤ አገው፣ ማኦ፣ ኮሞና ሌሎችም አሉ። ብቻውን አብላጫ የሆነ ወገን የለም። የክልሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 ሌሎች ነዋሪ ሕዝቦች የታወቁ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ የክልሉ ባለቤቶች ግን በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል። ለምርጫ ለመወዳደር የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ ማወቅ ግድ ነው ተብሎ እጩዎች የተከለከሉበት ክርክር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ሄዶ በ1995 ዓ.ም ተወስኗል፤ ምክር ቤቱ የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን ማወቅ ይበቃል አለ። ይህን የማነሳው የሽምግልናን ድንበር ስለሚያሳይ ነው። ሽማግሌ በሁለት ሰዎች መካከል የፈሰሰውን ደም ማድረቅ ይችል ይሆናል፤ አንዱን ባለቤት ሌላውን ነዋሪ ያደረገውን አንቀጽ ግን ማንሳት አይችልም። በምክር ቤት ሊፈታ የሚገባውን በዛፍ ጥላ ሥር እንዲፈታ የተጠየቀ ሽማግሌ ስሙን ብቻ አጥቶ ይመለሳል።

ከዕለት ተዕለቱ ልጀምር፤ የክልሉ ሽምግልና ጥንካሬው ያለው እዚያ ነውና። የአንዱ ከብት የሌላው ማሽላ ውስጥ ገባ እንበል፤ ባለማሳው በንዴት ከብቱን መታው፣ ባለከብቱም ዱላ አነሳ። ባለማሳው የበርታ ሰው፣ ባለከብቱ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ቢሆኑ ነገሩ እስከ ማታ ድረስ የሁለት መንደር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ልምዱ ባልደበዘዘባቸው ቀበሌዎች የሚሆነው እንዲህ ነው። ሁለቱም ወገን የየራሱን ሽማግሌ ይመርጣል፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ ሁለት ሰው ይጨመራል፤ ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ መንደር የመጣ ሼህ ሊሆን ይችላል። ከማንጎ ጥላ ሥር፣ ወይም ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ፤ ዋስ ያልጠራ ሰው ነገሩ አይሰማለትም። ከዚያ የተጎዳው ይናገራል፤ እስኪጨርስ ድረስ ማንም ጣልቃ አይገባም፤ የሚያቋርጥ ሰው በሽማግሌው ይገሠጻል። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ማሳው ድረስ ሄደው የተበላውን ማሽላ በዓይናቸው ገምተው ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ ለምክር ዘወር ይላሉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ካሳው ይነገራል። ብዙ ጊዜም የካሳው ከፊሉ «ለሽማግሌ» ተብሎ ይማራል። ፋቲሓ ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይጠጣል፤ አቅም ካለ ፍየል ይታረዳል። በማግስቱ ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም እንዲባባሉ ዋሶቹ ይከታተላሉ።

ይህ ነገር በዓለም ላይ «ሪስቶሬቲቭ ጀስቲስ» (ጉዳትን የሚጠግን ፍትሕ) የሚል አዲስ ስም አግኝቶ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ብዙዎቹ መጻሕፍት መነሻ የሚያደርጉት በ1966 ዓ.ም ገደማ በካናዳ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን ነው። ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። ዳኛው፣ የአመክሮ መኮንኑ ባቀረቡላቸው ሐሳብ፣ ልጆቹ በየቤቱ እየሄዱ የበደሉትን ሰው ፊት ለፊት እንዲያገኙና ጉዳቱን እንዲክሱ አዘዙ። የዚህ አስተሳሰብ መሠረት፣ ወንጀል ሕግን ከመጣስ በፊት በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ነው የሚል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ተጎዳ፣ ምን ያስፈልገዋል፣ ግዴታውስ የማን ነው የሚለው ይሆናል። የአሶሳ ገበሬ ይህን ለመረዳት ካናዳ መሄድ አላስፈለገውም። ኤልማይራን የጠቀስኩት ግን ለአንድ ነገር ነው፦ እዚያ ወጣቶቹ ያንኳኩት የበደሉትን ሰው በር ነው፤ የከንቲባውን ቢሮ አላንኳኩም።

በዚያው ክልል ወዳሉት የመተከልና የካማሺ ዞኖች ሲሄዱ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጉሙዝ በጎሳ የተሳሰረ ሕዝብ ነው፤ ደም ሲፈስ ነገሩ የገዳይና የሟች ብቻ ሆኖ አይቀርም። በቀሉ ገዳዩን ካጣ ወንድሙን፣ ወንድሙን ካጣ የወገኑን ሰው ይፈልጋል። ይህን ለማቆም የቆመው ተቋም ማንግማ ይባላል። ማንግማ በጉሙዝ ጎሳዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በጉሙዝና በጎረቤቶቹ፣ በአገው፣ በአማራ፣ በኦሮሞና በሺናሻ መካከል ደም ሲገባም ሲጠራ የኖረ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ፀጋ እንዳለው ከ1890 እስከ 1983 ዓ.ም ያለውን የመተከል የብሔረሰቦች ግንኙነት ባጠኑበት ሥራ ከማንግማ ጎን ለጎን ሚቹን አንስተዋል። ሚቹ በኦሮሞና በጉሙዝ ሰዎች መካከል የሚገባ የወዳጅነት ቃል ኪዳን ነው። መሬት ለመጠቀምም ሆነ በጠላት አገር በሰላም ለማለፍ የሚቹ ወዳጅ ዋስትና ይሆናል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ወዳጁን መደበቅና ማሻገር ግዴታው ነው።

ሺናሻዎችም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ አዘጋጅተውት በ2000 ዓ.ም በታተመው የኢትዮጵያ ባህላዊ ፍትሕ ጥናቶች መድበል ውስጥ፣ ሺናሻን ማዕከል አድርጎ ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚናገር ምዕራፍ አለ። በሺናሻ ዘንድ ነገር ከታች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ላቀ ሽማግሌ ይሄዳል፤ በታችኛው ያልረካ ወገን ወደ ላይ ይላል። ይግባኝ የሚታወቀው በመንግሥት ፍርድ ቤት ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ አንባቢ ይህ ብቻውን ትምህርት ነው።

የጋራ ተጠያቂነት ነገር ቆም ብለን እንድናስብ ያስገድደናል። ጎሳ ለአባሉ ጥፋት ይጠየቃል የሚለው ልማድ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሚያስፈራው ነው፦ ምንም ያላደረገ ሰው መንገድ ላይ በወንድሙ ጥፋት ይገደላል። ሁለተኛው ግን እርቅን የሚያስችለው ነው፦ ካሳው ሲወሰን ጎሳው በሙሉ ያዋጣል፣ ጎሳው በሙሉ ይምላል፣ ከዚያ በኋላ በቀል የሚያነሳ ወጣት የራሱን ጎሳ ቃል ያፈርሳል። አንድ ወጣት ነፍጥ ሲያነሳ የሚያቆመው አጎቱ ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። የመንግሥት ሕግ ጥፋት የግለሰብ ነው ብሎ ሲነሳ ትክክል ነው፤ ንጹሑን የሚያድነው እሱ ነው። ነገር ግን ገዳዩን አስሮ ሲያበቃ የሟችን ወገን ማንም አላናገረውም። እስረኛው ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ደሙ እንደነበረ ይጠብቀዋል። ይህ የጉሙዝ ብቻ አይደለም፤ በአማራ ክልልም «ፍርድ ቤት ፈረደ» እና «ደሙ ደረቀ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰሜን ሸዋ ደም አድርቅ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ሥራ ያላጡትም ለዚህ ነው።

እነዚህ ሥርዓቶች በሙሉ የቆሙት ግን ሰዎቹ በሚተዋወቁበት ዓለም ላይ ነው። ገዳዩ ይታወቃል፤ ሟች ስም አለው፤ ሁለቱም ወገኖች ነገም እዚያው ይኖራሉ። የ1970ዎቹ ሰፈራ ያናጋው ይህን ነው። ደርግ በመተከል ፓዌ ላይ ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ አምጥቶ በቁጥር በተሰየሙ መንደሮች አሰፈረ፤ ከኢጣሊያ ጋር የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክትም ደኑን በማሽን መነጠረ። ጉሙዝ ያደን የነበረበት፣ ሥራ ሥርና ማር ይሰበስብ የነበረበት፣ እያፈራረቀ ያርስ የነበረበት መሬት ያለ ካሳ ሄደ። ሰፋሪውም ቢሆን ብዙው ወዶ የመጣ አልነበረም። ወልደሥላሴ አቡቴ ስለ ጉሙዝና ስለ ደገኛ ሰፋሪዎች በጻፉት መጽሐፍ የሁለቱን ወገኖች ኑሮና ግጭት በዝርዝር አሳይተዋል። ልቤን የሚነካው ግን ከዚያ ሁሉ በኋላም ሰዎቹ የራሳቸውን ድልድይ መሥራታቸው ነው፦ ወዳጅ ያዙ፣ በእኩል አረሱ፣ በሠርግና በለቅሶ ተጠራሩ። ባለሥልጣን ያልጠራው እርቅ ቀስ እያለ በእነዚህ ውስጥ ሲሠራ ነበር።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ሰኔ 2010 በአሶሳ ከተማ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት አጠፋ። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም ከኦሮሚያ አቻዎቻቸው ጋር ስለ ጸጥታ ተሰብስበው ሲመለሱ የነበሩ የክልሉ ኃላፊዎች መንገድ ላይ ተገደሉ፤ በዚያ ሳቢያ በካማሺና በወለጋ ድንበር በተቀሰቀሰው ግጭት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ሚያዝያ 2011 በዳንጉር ወረዳ የተጀመረው ግድያ ድንበር ተሻግሮ በአማራ ክልል ጃዊ ወረዳ በሚኖሩ የጉሙዝ ተወላጆች ላይ በበቀል ወረደ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል ሄደው ከነዋሪዎች ጋር በተነጋገሩ ማግስት፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ሕፃናት ነበሩባቸው። ብዙ ሺህ ሰው ወደ አዊ ዞን ሸሽቶ በቻግኒ ራንች መጠለያ ተጠለለ፤ ብዙ የጉሙዝ ቤተሰብም ጫካ ገባ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጎረቤቱን ቤቱ ደብቆ ያተረፈ ሰው ነበር። የራሱን ጎረቤት ቤት ለገዳይ ያመለከተም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሽማግሌው የእሱ ያልሆነ ሥራ የተጫነበት። ገዳዩ በቡድን መጣ፣ ታጥቆ መጣ፣ ከየት እንደመጣም ሁሉም አያውቅም። ሟቾቹ በጅምላ ተቀበሩ። ካሳ ማን ለማን ይክፈል? በእነዚያ ዓመታት ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የእርቀ ሰላም ሥነ ሥርዓት ተደርጓል። መልኩ ተመሳሳይ ነው፦ በአዳራሽ ወይም በሜዳ ላይ የተሰቀለ መፈክር፣ ከፊት የተቀመጡ ኃላፊዎች፣ በባህል ልብስ የመጡ ሽማግሌዎች፣ የሚታረድ ሰንጋ፣ መተቃቀፍ፣ ዜና። በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ የቆሙትን ሽማግሌዎች አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ እውነተኛ ጭንቀት ይዘው የቆሙ ናቸው። የምነቅፈው ልጇ የተገደለባት እናት መጠለያ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ በስሟ ይቅርታ መደረጉን ነው። በማንግማም፣ በአሶሳው የማንጎ ጥላም፣ የተጎዳው ወገን ሳይቀመጥ ነገር አይጀመርም። ባህሉን አከበርን እያልን ከባህሉ ዋናውን ነገር አወጣንበት።

ከታጣቂዎች ጋር የተደረጉት ስምምነቶችም ከዚህ ጋር ይነሳሉ። ክልሉ በ2015 ዓ.ም ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር ተስማማ፤ ከቤኒሻንጉል ሕዝብ ነፃነት ንቅናቄ ጋርም ንግግሩ ውጤት አመጣ። ተኩሱ መቆሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ይሁን እንጂ የመንግሥትና የታጣቂ ስምምነት የገበሬና የገበሬ እርቅ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። የመጀመሪያው ነፍጥ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ሰውን ወደ ማሳው ይመልሳል።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 78 ደግሞ የባህል ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ ወይም እንዲታወቁ በር ከፍቷል። ስለ ወንጀል ዝም ይላል። በ2003 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ለባህላዊ መፍትሔ ቦታ ሰጥቷል፤ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችን ከመንገዶቹ አንዱ አድርጓቸዋል። በሌላ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፍ ቁርጥ አድርጎ ደንግጓል። እንደ በኩጂ ያለውን ጭፍጨፋ ከሽማግሌ ፊት አቅርቦ መጨረስ በሕግም በኅሊናም የማይቻለው ለዚህ ነው። መሪዎቹና ያዘዙት ፍርድ ቤት ይቅረቡ። በ2011 ዓ.ም በአዋጅ 1102 የተቋቋመው የእርቀ ሰላም ኮሚሽን የጎላ ውጤት ሳያሳይ ዘመኑ ማለቁን ስናስብ፣ አዲሱ ፖሊሲ መተከል ድረስ ወርዶ የአንዲት ቀበሌ ነዋሪ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ መጠበቃችን ያስጨንቃል።

የሩዋንዳ ጋቻቻ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከ1994 እስከ 2004 ዓ.ም ባሉት ዓመታት በየመንደሩ የተቋቋሙት እነዚህ ሸንጎዎች ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የዘር ማጥፋት ጉዳይ አዩ። እውነት እንዲወጣ፣ የት እንደተቀበሩ ያልታወቁ አስከሬኖች እንዲገኙ ረድተዋል። በአንፃሩ የአንድ ወገን ጥፋት ብቻ የሚታይባቸው ሆነዋል የሚል ብርቱ ነቀፌታ አለባቸው። በመተከል ሁለቱም ወገን ሟች አለው፣ ሁለቱም ወገን ገዳይ አለው፤ የጃዊን ሟች ትቶ የበኩጂን ብቻ፣ የበኩጂን ትቶ የጃዊን ብቻ የሚሰማ ሸንጎ ከመቀመጡ በፊት የፈረሰ ነው። ከሩቁ ቤልፋስት የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው። ከ1990 ዓ.ም የሰላም ስምምነት በኋላ በሰሜን አየርላንድ የተከፋፈሉ ሠፈሮች ውስጥ፣ ታጣቂዎች ወጣቶችን በራሳቸው ፍርድ ጉልበታቸውን በጥይት እየመቱ የሚቀጡበትን ልማድ ለማስቀረት የሠፈር የእርቅ ማኅበራት ተቋቋሙ። ዋነኛው ፈተናቸው ከፖሊስ ጋር ይሥሩ ወይስ አይሥሩ የሚለው ነበር፤ ሠፈራቸው ፖሊስን አያምንም፣ ያለ ፖሊስ ደግሞ ሕጋዊነት የለም። ዓመታት ወስዶ ከመንግሥት ጋር የጽሑፍ ደንብ ላይ ደረሱ፤ ምን ዓይነት ጉዳይ የማኅበሩ፣ ምን ዓይነቱ የፖሊስ እንደሆነ ተለየ። ለአሶሳና ለመተከል የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የተጻፈ ድንበር ነው።

ባህሉን ስናወድስ የምናልፈው ሌላም አለ። በአብዛኛው የክልሉ ሽምግልና ሴት አትቀመጥም፤ ብትናገርም በወንድ ዘመዷ በኩል ነው። በጉሙዝ ዘንድ እህትን በእህት የሚለውጥ የጋብቻ ልማድ እንዳለ የታወቀ ነው፤ የልውውጡ መፍረስ ራሱ የደም ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደም ሲታረቅም ልጃገረድን ለሟች ወገን በካሳነት የመስጠት ልማድ ነበረ። እርቁ ወረደ ሲባል የእሷ ዕድሜ ልክ ተከፍሎበት ነው። ይህን ማስቀረት የባህል ጠላትነት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በከብትና በገንዘብ የሚከፈል ካሳ እዚያው ባህሉ ውስጥ አለ። የቋንቋም ነገር አለ። የተቀላቀለ ሸንጎ ሲቀመጥ የሚነገረው በአብዛኛው አማርኛ ነው፤ በሱዳን ድንበር ወደ ኩርሙክ በኩል የሱዳን ዐረብኛም ይገባል። አማርኛ የማይቀናቸው የበርታና የጉሙዝ አሮጊቶች ራሳቸው ያዩትን በሌላ ሰው አፍ ይነገርላቸዋል። ታማኝ አስተርጓሚ ያልቆመበት ሸንጎ የተጎዳውን ጠርቶ እንዳልጠራው ይሆናል።

አሁን አንዲት ከራንች መጠለያ የተመለሰች ሴት እናስብ። ቤቷ ደርሳ ግድግዳውን አገኘችው፤ ጣሪያው የለም። ቆርቆሮው ሦስት ቤት አልፎ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነው፤ ምስማሩ የተመታበትን ቦታና ባሏ በቀይ ቀለም የጻፈውን ቁጥር ታውቀዋለች። ማሳዋ ላይ የሌላ ሰው ሰሊጥ በቅሏል። የዘራው ሰው ምናልባት እሱም ከሌላ ቦታ የተፈናቀለ ነው፤ ምናልባትም ቀበሌው «ባዶ ነው፣ እረስ» ብሎት ነው። ባሏ የት እንደወደቀ ግን አታውቅም። ይህች ሴት የወረዳው እርቅ መውረዱን በሬዲዮ ሰምታ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጓት ግን አራት ነገሮች ናቸው፦ የባሏ አስከሬን ያለበት ቦታ፣ ማሳዋ፣ ቆርቆሮዋ፣ ሌሊት የማትሰጋበት ዋስትና። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን የሠፈር ሽማግሌ ከማንም በተሻለ ሊፈታቸው ይችላል። አስከሬኑ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለመርማሪ ላይናገር ይችላል፤ ለአጎቱ ግን ይናገራል። ሰሊጡን የዘራው ሰው ምርቱን ሰብስቦ ማሳውን እንዲለቅ፣ ወይም ለዚህ ዓመት እኩል እንዲካፈሉ ማስማማት ሽማግሌ ሲሠራው የኖረ ሥራ ነው። ቆርቆሮው በዓይነቱ ሊመለስ፣ ወይም ተገምቶ በክረምት መግቢያ ሊከፈል ይችላል። የሌሊቱ ዋስትና ግን የመንግሥት ዕዳ ነው፤ በሽማግሌ አይሸፈንም።

ለዚህ ነው እርቁ ከትንሹ መጀመር አለበት የምለው። አንድ ማሳ ተመልሶ፣ አንድ ቆርቆሮ ተቆጥሮ፣ አንድ አስከሬን በክብር ተቀብሮ ሲታይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ይመጣል። ከላይ የወረደው እርቅ ሁሉንም ይቅር ተባባሉ ስላለ ማንም ምንም መመለስ አልነበረበትም። የወሰደው እንደወሰደ፣ ያጣውም እንዳጣ ቀረ።

ክልሉ ማድረግ የሚችለው ቀላል የማይባል ነገር አለ። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አውቆ፣ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ጋር የሚገናኙበትን መንገድ አበጅቷል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያንን ገልብጦ መውሰድ አይኖርበትም፤ አንድ ቋንቋና አንድ ሥርዓት የለውምና። የማንግማና የሺናሻን ሥርዓት፣ የበርታ ሼሆችንና የሰፋሪውን ሽምግልና በየራሳቸው ትቶ፣ የተቀላቀለ ሸንጎ ግን እንዴት እንደሚቀመጥ መደንገግ ይበቃዋል፦ ከሦስተኛ ወገን ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ሴቶች በምን ያህል እንደሚቀመጡ፣ አስተርጓሚው ማን እንደሚሆን፣ ሰው የገደለ ጉዳይ መቼ ወደ ዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ፣ ገዳዩ በፍርድ ቤት ከተቀጣ በኋላ የደም ማድረቁ በየትኛው ሽማግሌ እንደሚከናወን። ሽማግሌዎቹ በአበል ተጠርተው አዳራሽ ከሚቀመጡ፣ ወደ ማሳው የሚሄዱበት ትራንስፖርትና ጊዜ ቢሰጣቸው ይሻላል።

ዛሬ በየቀበሌው ሥራ አስኪያጅ መሳቢያ ውስጥ የእርቅ ስምምነት ወረቀት አለ። ብዙው የሚናገረው ሁለት ሕዝቦች ስለመታረቃቸው ነው፤ የታራቂዎቹ ፊርማ ሳይሆን የተወካዮች ፊርማ አለበት። አንዲት ተመላሽ ሴት በማሳዋ ላይ ቢከለክሏት ያንን ወረቀት ይዛ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ምንም አያስገኝላትም፤ ስሟ የለበትማ። ቀጣዩ ወረቀት የሟቹን ሙሉ ስም፣ የተወሰደውን መሬት በአዋሳኙ፣ የካሳውን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን፣ የዋሶቹን አውራ ጣት የያዘ መሆን አለበት፤ አንዱ ቅጂም ለሴትየዋ ይሰጥ።